አልጋዎ አልናፈቀዎትም?

ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ጣቱን ማሳረፍ የሌለበት ቦታ ላይ ያሳርፋል። አዳም ዕፀ በለስ ላይ አሳረፈ፣ እኔ «ላክ» የሚለው ላይ አሳረፍኩ። አዳም እንኳ በልቶ ነው የተባረረው፤ እኔ ያን ቀን ምሳዬንም አልበላሁም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የምሠራው ሩዋንዳ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ገስት ሃውስ ነው። አውሮፕላኖቹ ከጣሪያችን በላይ ዝቅ ብለው ስለሚያልፉ፣ አዲስ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እዚህ ነው እንዴ የሚያርፈው?» ብሎ ነው። ሥራዬ በወረቀት ሪሴፕሽን ይባላል። ይባላል እንጂ አምፖል እቀይራለሁ፣ ሻንጣ እሸከማለሁ፣ ቦይለሩ ስለማይሠራ ደግሞ ውሃ አሙቄ በባልዲ ፎቅ አወጣለሁ። ይቺን ባልዲ አደራ እንዳትረሷት።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሮማን ደግ ሴት ናቸው። አንድ በሽታ ብቻ አለባቸው፤ ጎረቤት የገዛውን ሳይገዙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ከጎናችን ያለው ሆቴል የእንግዳ መመዝገቢያ ሲስተም አስገባ ሲባል እሳቸውም በሳምንቱ አስገቡ። ሲስተሙ የእንግዳውን ስም ይይዛል፣ ስልኩን ይይዛል፣ የመጣው ለምሳ ይሁን ለስብሰባ ይሁን ለአዳር ይይዛል። መጨረሻ ላይ «አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ አለው። እዚያ ላይ እኔ እንደ ልቤ እሞነጫጭር ነበር፤ «ፎጣ ይወዳል፣ ሲወጣ ሻንጣው ይታይ»፣ «ያንኮራፋል፣ አጠገቡ ሰው እንዳይገባ» እያልኩ።

«በዚህ በር የገባ ሰው ሳይመዘገብ እንዳይወጣ!» ብለው አዘዙ ወይዘሮ ሮማን።

እኔ ደግሞ ውሃ ቅዳ ስባል ጉድጓዱን ይዤ የምመጣ ሰው ነኝ። ምሳ የበላውን መዘገብኩ። አዳራሻችን ውስጥ የተሰበሰበውን ዕድርተኛ በሙሉ መዘገብኩ። ለማኅበር የመጡትን ቄስ መዘገብኩ። ሽንት ቤት ተጠቅማ ልትወጣ የነበረችን ሴት እንኳ በር ላይ ይዤ፣ «ኧረ ወንድሜ ምን አጠፋሁ?» እስክትል ድረስ ስልክ ቁጥሯን ተቀበልኩ። ደስ ይለኝ ነበር እኮ! ሲስተሙ ሲሞላ ሀብታም የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ራስ ምታቴ ልግባ። ሜላት የምትባል ልጅ አለች። አየር መንገድ አካባቢ ያለ የጉዞ ወኪል ቤት ነው የምትሠራው። ስለ መልኳ አልነግራችሁም፤ የእኔ ጉዳይ ነው። በዚያው ሳምንት እሑድ ገርጂ ወላጆቿ ቤት ሽማግሌ ልልክ ቀን ተቆርጧል። ዋናው ሽማግሌ አጎቴ ጋሽ በላቸው ናቸው። ጋሽ በላቸው የመኪና ደላላ ስለሆኑ፣ ሞተር የሌለው መኪና እንኳ በምላሳቸው አስነስተው ይሸጣሉ። ለእኔ ብለው ንግግር አዘጋጅተው፣ ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ሲለማመዱ ነው የከረሙት።

የሜላትን ወላጆች በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ከሽማግሌ ቀድሞ ደጅ የሚረግጥ ልጅ ነውረኛ ነው። የማውቃቸው ሜላት በምታወራልኝ ብቻ ነው። አባቷ ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ኦዲተር ናቸው። እናቷ እትዬ ዘነበች መገናኛ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው። ሲሚንቶውን የሚሸጡት እሳቸው፣ ቤቱን የሚያስተዳድሩት እሳቸው፣ ጋሽ ታደሰንም የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው።

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ሮማን አንድ ሐሳብ ይዘው ብቅ አሉ። ባለፉት ሁለት ወራት እኛ ጋ ላደሩ እንግዶች የምስጋና መልእክት ሊላክ ነው። ጽሑፉን ራሳቸው ደርሰውታል።

«ውድ እንግዳችን! ከእኛ ጋር ስላደሩ እናመሰግናለን። አልጋዎ አልናፈቀዎትም? በዚህ ወር ብቅ ካሉ ሁለት ሆነው በአንድ ሰው ዋጋ ያድራሉ። ምስጢርዎ ምስጢራችን ነው!»

«ይቺ የመጨረሻዋ እንኳ...» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«ምን ሆነች? ስልካቸውን ለሌላ ሰው አንሰጥም ማለት ነው እኮ! አንተ ነገር ማጣመም ትወዳለህ። ላክ!»

ተቀመጥኩ። ማጣሪያውን ከፈትኩ። «አዳሪ» የሚለውን መረጥኩ፣ «ያለፉት ሁለት ወራት» የሚለውን መረጥኩ። ያ ሁሉ የተግተለተለ ስም ተሰበሰበና ልክ ልኩን ያዘ። ሊቅ ሆንኩ ብዬ ወንበሬ ላይ ደገፍ ስል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ለማስነሳት ወጣሁ፤ እሱም የእኔ ሥራ ነው። ስመለስ ገጹ ራሱን አድሶ ቁጭ ብሏል። ከላይ ያሉት ስሞች ቅድም ያየኋቸው ናቸው፤ አበበ አለ፣ አዳነች አለች። ማጣሪያው ግን ከመብራቱ ጋር አብሮ ሄዶ፣ መብራቱ ሲመለስ እሱ ቀርቷል። ይህን ማን ነገረኝ? ማንም።

«ሁሉንም ምረጥ» አልኩ። «ላክ» አልኩ። ሲስተሙ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። በሕይወቴ ስለ አንድ ነገር እርግጠኛ ሆኜ የማላውቅ ሰው፣ ያን ዕለት «አዎ» አልኩ።

መጀመሪያ የደወለችው ያቺ የሽንት ቤቷ ሴት ናት። «ወንድሜ፣ የቱ አልጋ ነው የሚናፍቀኝ?» አለችኝ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም። ይቅርታ ጠይቄ ስዘጋ ቄሱ ደወሉ።

«ልጄ፣ እኔ እዚያ ቤት ሽሮ በልቼ ነው የወጣሁት። ሁለት ሆነው ያልከኝ ከማን ጋር ነው?»

«አባ ይፍቱኝ! ስሕተት ነው!»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ግን እስቲ ለዚህ ዲያቆን ንገርልኝ፤ መልእክቱን ያነበበልኝ እሱ ነው፣ አሁንም እየሳቀ ነው።»

ከቄሱ በኋላ ስልኩ ማረፍ አቃተው። አንዱ የሚስቱን ቁጥር ነበር ያስመዘገበው። «ምስጢርህ ምስጢራችን ነው ብላችሁ ለሚስቴ ትልካላችሁ?» ብሎ ጮኸብኝ። የዕድርተኞቹ ሚስቶች አስቸኳይ ስብሰባ ጠርተዋል አሉ፤ ስብሰባውን እኛ አዳራሽ እንደማያደርጉት ብቻ እርግጠኛ ነበርኩ። ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቅዳሜ ክፍል አለ?» አለኝ። እሱን እንኳ መዘገብኩት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እኔ ደግሞ የተፈታውን እየሮጥኩ ልታጠቅ ሞከርኩ። ለሁሉም እንዲህ የሚል ሁለተኛ መልእክት ላክሁ፤ «ያለፈው መልእክት የሚመለከተው ከእኛ ጋር ያደሩትን ብቻ ነው። ላላደራችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።» ምን ባደርግ ጥሩ ነው? በየቤቱ «አንተን ይመለከትሃል ወይስ አይመለከትህም?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። ወይዘሮ ሮማን ላፕቶፑን ከእጄ ነጠቁኝ። መንጠቅ የነበረባቸው ጠዋት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሜላት ደወለች።

«የምትሠራበት ቤት ለአባቴ ምንድን ነው የላከው?»

ጋሽ ታደሰ መነጽር ውድ ነው ብለው አላሠሩም። መልእክት ሲገባላቸው ስልኩን ለእትዬ ዘነበች ይሰጣሉ፣ እሳቸው ጮክ ብለው ያነባሉ። የባንኩንም፣ የቴሌውንም፣ የሎተሪውንም እንዲያ ነው የሚሰሙት። ያን ቀንም ምሳ ላይ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ እትዬ ዘነበች «ውድ እንግዳችን» ብለው ጀመሩ። «አልጋዎ አልናፈቀዎትም?» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀጠነ። «ሁለት ሆነው» የሚለው ጋ ሲደርሱ ማንኪያ ከእጃቸው ወደቀ።

«አባቴ ምን አለ?»  አልኳት... ይቅርታ፣ አንደበቴ ሁሉ ተሳስሮ ነበር፤ «አባትሽ ምን አሉ?» ለማለት ፈልጌ ነው።

«የዕድር ምሳ በልቼ ነው፣ በስሕተት ነው የተላከልኝ አለ። እማዬ ግን አላመነችውም። እሑድ ልጁ ራሱ ይምጣ ብላለች።»

«እኔ? ከሽማግሌ ጋር? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ከነኮምፒዩተርህ ና ብላለች። ባሌ እዚያ ቤት አለማደሩን ካሳየኝ ሽማግሌዎቹን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ ካላሳየኝ ግን ሽማግሌም የለም፣ ልጅም የለችም ብላለች። እማዬ ያለችውን ነው የምታደርገው። ታውቃታለህ አይደል?»

«ይሄማ ቀላል ነው!» አልኳት። «የምሳ ተመጋቢ መሆናቸው ይታያል። አሁኑኑ አወጣልሻለሁ።»

ልቤ ቀለል አለኝ። እንዲያውም ደስ አለኝ። አማቼን ከነገር አድኜ በክብር ልገባ ነው አልኩ። መፈለጊያው ላይ «ታደሰ» ብዬ ጻፍኩ።

ጉድ ነው! አገሩ ሁሉ ታደሰ ነው። ራሱ ታደሰ የሆነ አለ፣ አባቱ ታደሰ የሆነ አለ፣ አያቱ ታደሰ የሆነ አለ፣ ከላይ እስከ ታች ታደሰ የሆነም አለ። የአባቶችን ትቼ በራስ ስም ብቻ አጣራሁ። «ምሳ» የሚለውን ጨመርኩ። የእሳቸው ስልክ የለም። «ስብሰባ» አልኩ። የለም። ማጣሪያውን ሁሉ አነሳሁና ሜላት የሰጠችኝን ስልክ ቁጥር ብቻ አስገባሁ። አንድ መስመር ብቅ አለች።

«ታደሰ። አዳሪ። አንድ ሌሊት።»

ወንበሩ ከሥሬ የሄደ መሰለኝ። ዓይኔ ወደ «አስተያየት» ተሻገረ። በገዛ እጄ እንዲህ ተጽፏል፤ «ጋቢ ለብሰዋል። ዋጋ ይከራከራሉ። ሙቅ ውሃ ያበዛሉ። ጥያቄም ያበዛሉ፤ የግብር ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም። ጥንቃቄ!»

ወይኔ! ሰውዬው ትዝ አሉኝ። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥለው የመጡ ሽማግሌ። መታወቂያ ሲሰጡኝ ጣታቸው የአባታቸው ስም ላይ ነበር፤ እኔም «ታደሰ» የሚለውን ብቻ አንብቤ መለስኩ። ከክፍላቸው ወርደው ሪሴፕሽን ሶፋ ላይ ተቀመጡና ከዳቦው ቆርሰው ሰጡኝ። የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው? ትጠጣለህ? ትጾማለህ? ደመወዝህ ስንት ነው? ከእናትህ ጋር ትደዋወላላችሁ? እኔ ደግሞ የግብር ሰው ናቸው ብዬ የገስት ሃውሱን ነገር ልደብቅ፣ ስለ ራሴ ያለውን ሁሉ ዘከዘክሁላቸው።

ይህስ ባልከፋ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሳስታውስ ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ። «ይገርማል፣ የወደፊት አማቼም ታደሰ ነው ስማቸው» ብያቸው ነበር።

«እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?» አሉኝ፣ ዳቦውን እያላመጡ።

እኔ ሞኙ! «አይቻቸው አላውቅም። ግን ልጃቸው እንደምትለኝ ሻይ ሲፈላ አጠገብ ቆመው የስኳሩን ማንኪያ ይቆጥራሉ። ግትር ናቸው አሉ። ሚስታቸው ባይኖሩማ የዚያ ቤት ሰው እስካሁን በረሃብ አልቋል!» ብዬ ሳቅሁ። ብቻዬን ነበር የሳቅሁት። ሰውዬው «እህ» አሉና፣ ሌላ ባልዲ ሙቅ ውሃ አዘዙኝ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። አያችሁልኝ ዕድሌን? መልእክቱ ለማይገባቸው ሁሉ ደርሶ ይቅርታ ስጠይቅ ዋልኩ። የሚገባቸው አንድ ሰው ግን ጋሽ ታደሰ ናቸው። ማጣሪያው በቦታው ቢኖርም እንኳ ይደርሳቸው ነበር! ለምን አደሩ? ቤታቸው ገርጂ፣ እኛ ሩዋንዳ፤ በታክሲ እንኳ ይህን ያህል አይርቅም። የግብር ሰው እንዳልሆኑ አሁን ገብቶኛል። የሌላውን ግን ማሰብ ፈራሁ።

ሜላት ማታ «አገኘኸው?» ብላ ጻፈችልኝ።

«ሲስተም የለም» አልኳት።

«ባንክ ነህ እንዴ?» አለችኝ።

ዓርብንና ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፍኩ አትጠይቁኝ። እህል አልወርድ አለኝ። መስመሯን ከፍቼ አያታለሁ፣ እዘጋለሁ። አጠገቧ «አጥፋ» የሚል ቀይ ነገር አለ። ባጠፋትስ? ማን ያውቃል? ጣቴን አስጠጋሁ። ግን ይቺን ጣት ከሐሙስ ወዲህ አላምናትም፤ አንድ ታደሰ አጠፋሁ ብዬ የአገሩን ታደሰ ሁሉ ብደመስስስ? ተውኩት። ብዋሽ እትዬ ዘነበች አንድ ቀን ይደርሱበታል። እውነቱን ብናገር የሰው ትዳር አፍርሼ ትዳር ልለምን ነው። ጋሽ ታደሰን ባጋልጥ እሳቸውም ያጋልጡኛል፣ ስለ ስኳሩ። ብቻ በየትኛውም ብዞር ሜላት የለችም። ይህን ሳስብ፣ አልደብቃችሁም፣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እሑድ ደረሰ። ጋሽ በላቸው ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከፊት ይሄዳሉ። እኔ ላፕቶፑን ታቅፌ ከኋላ እከተላለሁ። ገርጂ በር ላይ ሜላት ከፈተችልን። ስታየኝ ዓይኗ «ደህና ነው አይደል?» የሚል መሰለኝ። ፈገግ ለማለት ሞከርኩ፤ ምን እንደሆነብኝ እንጃ፣ እሷ ግን ደነገጠች።

ሳሎኑ ውስጥ እትዬ ዘነበች መሐል ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ታደሰ ጥግ ላይ ናቸው፤ ያንኑ ጋቢ ለብሰዋል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ወዲያው ሁለታችንም ጣሪያውን ማየት ጀመርን።

ጋሽ በላቸው እንደ ወጉ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል...»

«እሱ ይቆየን» አሉ እትዬ ዘነበች። «ልጁ የትኛው ነው? አንተ ነህ? ና እዚህ፣ አጠገቤ። ክፈተው።»

ከፈትኩት። «ኔትወርክ ያለ አይመስለኝም...» አልኩ።

«ዋይፋይ አለ። ሜላት፣ ቁልፉን ንገሪው።»

ተያያዘ። እንደዚያ ቀን ፈጥኖ ተያይዞ አያውቅም። ስልክ ቁጥራቸውን አስገባሁ። ያቺ የማላምናት ጣቴ ሳላስበው «ምሳ» የሚለውን ማጣሪያ ነክታ ኖሯልና ገጹ ባዶ ሆነ። «ምንም አልተገኘም» ይላል። በቃ! ላፕቶፑን ወደ እትዬ ዘነበች ማዞር ብቻ ነው የቀረኝ። አልዋሸሁም፣ ሲስተሙ ነው ያለው። ጋሽ ታደሰ ከጥጋቸው አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል። ዓይናቸው «አዙረው፣ ልጄ፣ አዙረው» የሚል ይመስለኛል።

«እ? አድሯል ወይስ አላደረም?» አሉ እትዬ ዘነበች።

አፌን ስከፍት አውሮፕላን መጣ። እዚያ ሰፈር ሰው አውሮፕላን እስኪያልፍ ወሬውን አቁሞ ነው የሚጠብቀው። ብርጭቆዎቹ ተንቀጨቀጩ። ሜላት በሩ ላይ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ግን ከዚህ ቤት ልጅ ልወስድ መጥቼ የመጀመሪያ ቃሌ ውሸት ቢሆን፣ ዕድሜ ልኬን እሷን ባየሁ ቁጥር ይቺ ባዶ ገጽ ትታየኛለች። ማጣሪያውን አነሳሁት። አውሮፕላኑ አለፈ።

«አድረዋል» አልኩ። «አንድ ሌሊት። ብቻቸውን።»

ጋሽ በላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ።

«መቼ ነው?»

«የ... የለቅሶው ጊዜ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ደብረ ብርሃን ባልደረባዬ ሞተ ብለኸኝ የሄድክ ጊዜ? ሌሊት ተነስቼ ለለቀስተኛው ድፎ ዳቦ የጋገርኩልህ ጊዜ? ዳቦዬን ማን በላው?»

«እኔ» አልኩ። አምልጦኝ ነው። «በጣም ጥሩ ዳቦ ነበር።»

ጋሽ ታደሰ ብድግ አሉ። «እሺ፣ ልናገር። ኦዲተር አይደለሁ እንዴ? ሰነድ ሳላይ ፈርሜ አላውቅም። ልጄን ለማላውቀው ሰው እንዴት ልስጥ? ሰባት ቤት ድረስ የሚያጣራ ዘመድ ድሮ ቀረ፤ ስለዚህ ራሴ ሄድኩ። ለአንቺ ብነግርሽ በማግስቱ መገናኛ ሁሉ ያውቀዋል።»

እትዬ ዘነበች ክንዳቸውን አጣመሩ። «ታዲያ ምን አገኘህ?»

ያኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«ቦይለራቸው አይሠራም» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ሪፖርት እንደሚያነብ ሰው። «ልጁ ግን ሙቅ ውሃ በባልዲ ያመጣል። ሆን ብዬ ደጋግሜ አዘዝኩት፣ አልተነጫነጨም። ጉርሻ ከለከልኩት፣ ፊቱ አልጠቆረም።»

«ያንንስ ሆን ብለህ አይደለም» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ከእናቱ ጋር ይደዋወላል። ወሬ ግን ያበዛል።» ቆም አሉና አዩኝ። «ስለ እኔም ጠይቄው ነበር።»

«ምን አለ?»

«ተዉት ጋሽ ታደሰ፣ አፈር ስሆን...» አልኩ።

«ስኳር ይቆጥራሉ አለ። ግትር ናቸው አለ። ሚስታቸው ባይኖሩ የቤቱ ሰው በረሃብ ያልቅ ነበር አለ።»

የምገባበት ቀዳዳ ፈለግሁ። እትዬ ዘነበች መጀመሪያ ፊታቸውን ቋጠሩ። ከዚያ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ። ከዚያ ነጠላቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«ይሄ ልጅ እኮ እዚህ ቤት የኖረ ነው የሚመስለው! ማነው የነገረው?»

ሁላችንም ወደ ሜላት ዞርን። ሜላት የለችም፤ ማድ ቤት ገብታለች።

እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ እኔ መጡ። «ባሌ ዋሽቶኛል። ልጄ ደግሞ የቤቷን ገበና አውጥታለች። በዚህ ቤት እስካሁን ያልዋሸኝ አንተ ብቻ ነህ። ልታታልለኝ ስትዳዳ አይቼሃለሁ፤ እኔም ሱቄ ላይ ሲስተም አለኝ፤ ማጣሪያ ሲነሳ አውቃለሁ። ማንሳትህን ነው የወደድኩት።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ተቀመጡ እንጂ፣ ለምን ትቆማላችሁ?»

ጋሽ በላቸው ፊታቸው በራ። «እንግዲህ ነገር በምሳሌ...»

«አልቋል እኮ፣ ጋሼ! ልጅቷን ሰጥተናል። ብቻ አንድ ነገር፣ የሠርጉን ጥሪ በስልክ እንዳይልክ። በእግሩ ዞሮ፣ በየቤቱ በእጁ ይስጥ።»

ጋሽ በላቸው እስከ ዛሬ ያቺን ንግግር ሳልጨርስ ቀረሁ እያሉ ያዝናሉ። አንድ ቀን ለአንድ ቶዮታ ገዢ ሙሉውን አሰሙት አሉ።

ስንወጣ ጋሽ ታደሰ ሊሸኙን እስከ በር ተከተሉን። ሽማግሌዎቹን አሳለፉና እጄን ይዘው አስቀሩኝ። የስኳሩን ነገር ሊወቅሱኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ስማኝ» አሉ፣ ወደ ቤቱ መለስ ብለው እያዩ። «ያ... ሁለት ሆነው በአንድ ሰው ዋጋ ያላችሁት፣ እስከ መቼ ነው?»

«እስከ ወሩ መጨረሻ ነው፣ አባባ።»

«ዘነበች ሳቀች እንጂ አልታረቀችኝም። ለቅዳሜ አንድ ክፍል ያዝልኝ።» ጋቢያቸውን አስተካክለው ሁለት እርምጃ ሄዱና ተመለሱ። «ውሃውን ግን ለሁለት ሰው አድርገህ አሙቅ።»